ዘይት ስንት ገባ?

እኔ በምገበያይበት ሱፐርማርኬት አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። ቢጫው ወረቀት ላይ በትልቁ የተጻፈው ካርድ ላለው ሰው ነው፤ ከሥሩ፣ መነጽር ካላደረጉ በማይነበብ ደቃቅ ቁጥር የተጻፈው ደግሞ ካርድ ለሌለው። የሰው ዓይን መቼም የሚያርፈው ትልቁ ላይ ነው። በትልቁ ተደስቼ ዕቃውን ቅርጫቴ ውስጥ ከትቼ፣ ተሰልፌ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ስደርስ "ካርድ አለሽ?" ትለኛለች። የለኝም። ካርዱን ለማውጣት የመታወቂያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ የእኔ የጥገኝነት ወረቀት ቁጥር ደግሞ መሀሉ ፊደል ስላለበት ማሽኑ ደጋግሞ አልቀበልም ብሎኛል። ስለዚህ ጆሃንስበርግ ከገባሁ ጀምሮ ዘይትም ሩዝም ሳሙናም የምገዛው በደቃቁ ዋጋ ነው።

ብዙ ሰው ከኋላው የተሰለፈውን ካርድ ተውሶ ያስመታል። እዚህ አገር ነውር አይደለም፤ "ሲሲ (እህቴ)፣ ካርድሽን" ማለት ብቻ ነው። እኔ ግን የማላውቀውን ሰው ለመጠየቅ አፌ አይደፍርም። በልቤ እየተራገምኩ ከፍዬ እወጣለሁ።

እርግማኑን አጠራቅሜ የማራግፈው እሑድ፣ ለአባቴ ስደውል ነበር። አባቴ ዕድሜውን አዲስ አበባ በከተማ አውቶቡስ ውስጥ ቲኬት ሲቆርጥ የኖረ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሥራው የዋጋ ነገር ብቻ የሆነ ሰው ነው። ስልኩን አንስቶ "ደህና ነሽ?" የሚለውን በቅጡ ሳይጨርስ "ዘይት ስንት ገባ?" ይለኛል። እኔ የዚህን እነግረዋለሁ፣ እሱ የዚያን ይነግረኛል፣ ከዚያ ሁለታችንም እኩል እናማርራለን። ሌላው ቤተሰብ ፍቅሩን በምን እንደሚገልጽ አላውቅም፤ እኛ ቤት በዘይትና በሽንኩርት ነበር።

የካርዱን ነገር የነገርኩት ቀን ሳቁ ሳል እስኪሆንበት ድረስ ሳቀ።

"እንደ ቀበሌ ሱቅ በይኛ! እኛም እኮ ካርድ ነበረን። ካርዱ ሞልቶ ስኳሩ ነበር የጠፋው።"

"እዚህ ስኳሩ ሞልቷል፤ ካርዱ ነው የጠፋው።"

"ታዲያ የእናንተው ይሻላል" አለኝ።

አንድ ሌላም ነገር አለ። እዚህ ዋጋ ሁሉ የሚያልቀው በዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም ነው። ሃያ ራንድ የሚባል ነገር የለም፤ አሥራ ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ የጠየቀኝ "አንዷ ሳንቲምስ? ተመለሰችልሽ?" ብሎ ነው። አንድ ሳንቲም የሚባል ገንዘብ ከጠፋ ቆይቷል፣ አሥር ሳንቲም ነው የሚመልሱት አልኩት። "ታዲያ ዘጠኝ ሳንቲም አትርፈሻል፤ ምን ያስለቅስሻል?" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሑድ ወሬያችን መዝጊያ ይህች ጥያቄ ሆነች። ዋጋውን ነግሬው፣ ረግሜ፣ አማርሬ ስጨርስ "አንዷ ሳንቲምስ? ተመለሰችልሽ?" ይልና ስልኩን ለእናቴ ያቀብላታል።

ጆሮው ስለከበደው ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌ እየጮህኩ ነው የማወራው። የምኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቴምቢሳ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች በአንዷ ነው። ግድግዳው ስስ ነው። ጎረቤቴ እትዬ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ የአገሬ ልጅ፣ ከግድግዳው ማዶ ሆነው እያንዳንዷን እሑድ የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ እኩል ከእኛ ጋር ይሰማሉ። አንድ ጊዜ ቲማቲም ተሳስቼ ብናገር ከማዶ "ረክሷል!" ብለው አርመውኛል።

ሥራዬ ከተማው ውስጥ፣ ፎርድስበርግ ነው፤ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጥ ሱቅ። ባለቤቱ ከአገራችን ደቡብ የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም ሐጂ ነው የምላቸው። ከየሰፈሩ የሚመጡት ቸርቻሪዎች ማልደው ስለሚደርሱ እኔ ከእነሱ በፊት መድረስ አለብኝ። ይህ ማለት ገና ሳይነጋ ታክሲ ወረፋ ላይ መቆም ማለት ነው።

በጋ ላይ አይከፋም። ክረምት ነው ችግሩ። አባቴ ይህን ቃል እዚህ አገር በምን ትርጉም እንደምጠቀምበት እስከ መጨረሻው አልገባውም። "ክረምቱ እንዴት ነው? ዝናቡ በረታ?" ይለኛል ሐምሌ ላይ።

"ዝናብ የለም አባዬ፤ ክረምት ነው።"

"ዝናብ የሌለው ምን ክረምት አለ? እሱማ በጋ ነው።"

"እዚህ የሚዘንበው በበጋ ነው።"

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" ይላል።

የዚህ አገር ክረምት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ተኝቶ ይጠብቃል። ሰፈሩ በከሰልና በእንጨት ጭስ ይታፈናል። ወረፋው ላይ ሰዉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው የሚቆመው፤ ግማሹ ብርድ ልብስ እኔ የሸጥኩት ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ያን ሰዓት ምኔም አይደለም። ታክሲው ካልሞላ አይነሳም። ሲገቡ "ሳንቦናኒ" ብሎ ለሁሉም ሰላምታ መስጠት ደንብ ነው፤ ከዚያ ዝም ነው። ዕድልዎ ጠምሞ ተንሸራታቹ በር አጠገብ ከተቀመጡ በክፍተቱ የሚገባው ነፋስ ጉልበትዎን ከተማ እስኪደርሱ ይልጠዋል። የእኔ ዕድል ብዙ ጊዜ ጠማማ ነው።

ቲኬት የለም። ሒሳቡ ከኋላ ወደ ፊት በእጅ በእጅ ይተላለፋል፤ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ይቆጥራል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ይመጣል። ይህ ለአባቴ ተአምር ነበር። "የሚያጭበረብር የለም?" ብሎ ጠየቀኝ። ሒሳቡ ከጎደለ ሹፌሩ ያቆማል፣ ሁሉም እርስ በርስ ይተያያል፣ የጎደለው ከአንዱ ኪስ ይወጣል አልኩት። "ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ዘመን ቆሜ አልሄድም ነበር" አለኝ። እግሩ የተበላሸው አውቶቡስ ውስጥ በመቆም ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ስደውል ስልኩን ያነሳችው እናቴ ነች። አባዬስ ስላት ተኝቷል አለችኝ። ደም ግፊት ከያዘው ቆይቶ ስለነበር አልገረመኝም። በሚቀጥለው እሑድ ስደውል ቤተ ክርስቲያን ሄዷል አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ነው።

"በዚህ ሰዓት?"

"ማኅበር አለበት።"

አባቴ የድግሱ ወጪ በዛ ብሎ ከማኅበሩ ተጣልቶ ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው። የእናቴ ድምፅ ሻክሯል። ጉንፋን ይዞኝ ነው አለችኝ ሳልጠይቃት። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አንድ ሰው "ሽሽ" አለና ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ምንም አልጠየቅሁም። "ለአባዬ ዘይት ሊጨምር ነው እየተባለ ነው በይው" አልኳት።

"እሺ" አለች እናቴ። "እነግረዋለሁ።"

ስልኩን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አወቅሁ። ማወቁን እንዴት እንዳወቅሁ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የአገሬ ሰው የሆነ ሁሉ ይገባዋል። አላለቀስኩም። ማልቀስ አቃተኝ ማለቴ አይደለም፤ የሚያለቅስ ነገር ውስጤ አልነበረም። በክረምት ጠዋት ጣት ሲደነዝዝ ቢቆነጥጡት አይሰማም አይደል? እንደዚያ ነበርኩ። ተነስቼ የሥራ ልብሴን አጠብኩ።

ሰው አገር ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። አገር ቤት ያሉት እዚህ ላለ ወዳጅ ይናገራሉ፣ ወዳጅ ለእድሩ ይናገራል፣ የእድሩ ሰዎች ይሰበሰቡና ሊነጋጋ ሲል መጥተው በር ያንኳኳሉ። ማታ አይነገርም፤ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሐዘኑ ጋር ብቻውን እንዳያድር። ሥራ ቦታ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም። እኔ ራሴ ጋቢዬን ተከናንቤ በዚህ ከተማ የስንቱን በር አንኳኩቻለሁ። መርዶ የደረሰው ሰው በቋንቋችን "ተረዳ" ነው የሚባለው። እኔ አውቄያለሁ፤ አልተረዳሁም። በሁለቱ መካከል ምን ያህል ቦታ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሰው እዚያ መሀል ላይ ሥራ መሄድ፣ መብላት፣ ዋጋ ማየት ይችላል።

ዋጋ ማየቴን አልተውኩም። እንዲያውም ባሰብኝ። ሱፐርማርኬት ገብቼ በየመደርደሪያው ፊት እቆማለሁ። የማልበላውን የዓሣ ቆርቆሮ፣ የማልጠጣውን የወተት ዱቄት ዋጋ በቃሌ እይዛለሁ። ለእሑድ ነው እላለሁ ለራሴ። ካልተረዳሁ አባቴ እሑድ ዘይት ስንት ገባ ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ የተኛ ሰው ይነሳል፣ ማኅበር የሄደ ሰው ይመለሳል።

በዚያው ሳምንት ብርዱ ስለጠና ወረፋው ረዘመ። ሁሉም ቀድሞ ለመድረስ ቀድሞ ይወጣል፤ ሁሉም ቀድሞ ሲወጣ ደግሞ ቀድሞ መውጣት ትርጉም ያጣል። እኔም ከወትሮው ቀደም ብዬ መውጣት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ማታ ስገባ የግቢው ባለቤት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም ጎጎ ነው የምንላቸው፣ በዙሉ አያት ማለት ነው።

"ምንታናሚ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሰዎችሽ ጠዋት መጥተው ነበር። ብዙ ናቸው። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። በርሽ ላይ ቆሙ፣ አንኳኩ፣ ቆሙ፣ ከዚያ ሄዱ። ቸርች ነው?"

"አዎ ጎጎ" አልኩ። "ሰዓት ተሳስተው ነው።"

"በዚህ ብርድ!" አሉ ጎጎ፤ አዘኑላቸው።

እኔም አዘንኩላቸው። ከሥራቸው በፊት ብለው፣ ከየሰፈሩ ታክሲ ይዘው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ባዶ ክፍል ሊያረዱ የመጡ ሰዎች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በወሬ አንስተን የምንስቅበት ዓይነት ነገር ነው። አባቴ ቢሰማ ምን እንደሚል አሰብኩ። ለአባቴ የምነግረው ጥሩ ወሬ አገኘሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም ነበር።

እትዬ በራቸውን ገርበብ አድርገው "ነይ እራት ብዪ" አሉኝ። ገባሁ። ከበራቸው ጀርባ የእድሩ ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው እስከ ጣሪያው ደርሰዋል፤ በላያቸው አንሶላ ጣል ተደርጎባቸዋል። ወንበር በአንሶላ ቢሸፈን ወንበርነቱ አይጠፋም። እኔ አላየሁም፣ እሳቸውም አላሳዩኝም። ሽሮ አቀረቡልኝ። ከወትሮው በላይ ቅቤ ነበረበት።

"ዛሬ በስንት ሰዓት ነው የወጣሽው?" አሉኝ እንደ ዋዛ።

"በአሥር ተኩል።"

"በአሥራ አንድ አልነበር እንዴ የምትወጪው?"

"ወረፋው ረዘመ እትዬ።"

"ነገስ?"

"ነገም በአሥር ተኩል ነው።"

"እሺ" አሉ፣ ዓይናቸውንም ወደ ምድጃው መለሱ። ሰዓቱን ተቀበሉኝ። ሁለታችንም ዝም ብለን በላን። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያን ማታ ግን ዝምታው ሊሸት ምንም አልቀረውም።

ክፍሌ እንደገባሁ ሐጂ ደወሉ።

"ነገ አትምጪ" አሉኝ። "ቆጠራ አለብን።"

"ቆጠራ ከሆነማ መምጣት አለብኝ። ያለ እኔ ማን ያውቀዋል ዕቃውን?"

ውሸት የለመደ ሰው አይደሉም።

"የነገው ቆጠራ..." አሉ በመጨረሻ፤ "የወንዶች ነው።"

የወንዶች ቆጠራ! በብርድ ልብስ ወቅት፣ ሱቁ በገዢ በሚጨናነቅበት በሐምሌ ወር! ልስቅ ነበር። "እሺ ሐጂ" ብዬ ዘጋሁ። ሁሉም ሰው እሺ በሚለው ቃል እየዋሸ መሆኑ ገረመኝ።

በማግስቱ የወጣሁት በአሥር ሰዓት ነው። በሬን እንዳይጮህ ከፍ አድርጌ ይዤ ዘጋሁት። ታክሲው ሞልቶ ሲነሳ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። መስኮቱን በሰው ትንፋሽ ጉም ሞልቶታል። በመዳፌ ጠረግሁት። ከመንገዱ ማዶ፣ የግቢያችን መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ አየኋቸው፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎች፣ ወንድም ሴትም፣ ጠጋ ጠጋ ብለው፣ እንዳይሰሙ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ከፊት ያለው ሽማግሌ ስልኩን አብርቶ መንገዱን ያሳያቸዋል። አላዩኝም። ጉሙ መስኮቱን መልሶ እስኪሸፍነው ጠበቅሁ። ከኋላ ሒሳብ ሲያቀብሉኝ ጣቴ አልታዘዘኝ ብሎ ሳንቲሙን ወለሉ ላይ በተንኩት። አጎንብሼ ስለቅም አንዷ ሴት "ብርዱ ነው ሲሲ" አለችኝ። አዎ ብርዱ ነው አልኳት።

ሐጂ ሱቁን ሲከፍቱ በሩ ላይ ቆሜ አገኙኝ። ደነገጡ።

"ምነው መጣሽ?"

"ቆጠራውን ላግዝ ብዬ።"

ጓሮ ገቡና ለረጅም ጊዜ አልወጡም። እኔ ብርድ ልብስ ስሸጥ ዋልኩ። ባለ ሁለት ፊቱን፣ ባለ ነብሩን፣ ለሕፃናት የሚሆነውን። ያን ቀን ከወትሮው የበለጠ ሸጥኩ ብል ማጋነን አይሆንም። ገዢው ሲከራከረኝ አልተቆጣሁም፤ ምንም ቢለኝ ውስጤ አይገባም ነበርና። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሻይ ይዘውልኝ መጡ። ሐጂ ለሰው ሻይ ይዘው ሲመጡ አይቼ አላውቅም።

"ልጄ" አሉኝ። "እንግዳ የሚመጣበት ሰው ቤቱ ይገኛል። እንግዳ አይንከራተትም። ሂጂ፣ ግቢ። ነገ ብትመጪ በሩን አልከፍትልሽም።"

"ሥራዬስ?"

"ሥራሽ ይጠብቅሻል። ሥራ አይሞትም" አሉና ወዲያው የተናገሩት ቃል አስደንግጧቸው ብርጭቆውን ከእጄ ላይ ሊወስዱ ፈለጉ፤ እኔ ግን ገና አልጠጣሁትም ነበር።

ከቤቴ በፊት ሱፐርማርኬት ገባሁ። ምንም አልጎደለኝም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። ዘይቱ መደርደሪያ ፊት ቆምኩ። ሁለት ሊትሩ፣ ቢጫው ወረቀት ላይ በትልቁ ስድሳ ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ፣ በደቃቁ ሰማንያ ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ። እንደዚህ የሰፋ ልዩነት አይቼ አላውቅም። አባቴ በዚህ ይናደዳል አልኩ። ዛሬስ በደቃቁ አልከፍልም አልኩ። ምን እንደገባብኝ አላውቅም፤ ያን ቀን ከዚያ ወረቀት ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋጋ ካልወሰድኩ የምሞት መሰለኝ።

ዘይቱን ይዤ ተሰለፍኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሬ ከኋላዬ ያለችውን ሴት "ሲሲ፣ ካርድሽን ታውሺኛለሽ?" አልኳት። ሳታመነታ ሰጠችኝ። ገንዘብ ተቀባይዋ መታችው። ሰማንያ ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ አለ ማሽኑ።

"ስህተት ነው" አልኩ። "ወረቀቱ ስድሳ ዘጠኝ ነው የሚለው።"

ደግማ መታችው። ያው ነው። ሥራ አስኪያጁን ጠራችው፤ ከረባት ያደረገ ወጣት ነው። ይዞኝ መደርደሪያው ጋ ሄደ። ጎንበስ አለና ከደቃቁ ዋጋ ሥር ያለውን የባሰ ደቃቅ ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። ቀን ነው።

"ቅናሹ ትናንት አልቋል እማማ" አለኝ በትሕትና፤ እዚህ ሴት ደንበኛ ሁሉ እማማ ነው። "ወረቀቱን ማንሳት ረስተን ነው። ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ያውቀዋል።"

"ወረቀቱ ግን አለ።"

"አዎ፣ አለ፣ ግን..."

"እኔ የማነበው ወረቀቱን ነው! ማሽናችሁ ምን እንደሚያውቅ እኔ በምን አውቃለሁ? ካላነሳችሁት አላለቀም! እዚህ ተለጥፎ እያለ አልቋል ትለኛለህ?"

በእንግሊዝኛ ጀምሬ በአማርኛ ነው የጨረስኩት። ድምፄ ጣሪያው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ካርዷን ያዋሰችኝ ሴት መጥታ ክንዴን ያዘች። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ወረቀቱን ከመደርደሪያው መንጭቆ በመዳፉ ጨመደደውና ኪሱ ከተተው። ቢጫው ተነስቶ ባዶው ብረት ሲታይ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ትዝ አለኝ። ወረቀቱስ ለቀቀ።

"እማማ፣ ይቅርታ" አለኝ ልጁ። "ጥፋቱ የኛ ነው። ላንቺ ብቻ በትናንቱ ዋጋ እናድርግልሽ።"

የፈለግሁት ይህንኑ ነው አይደል? ግን ሲሰጠኝ አልፈለግሁትም። በጣም ደክሞኝ ነበር። ማልዶ መነሳቱ፣ ወረፋው፣ መስኮት መጥረጉ፣ እሺ ማለቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ላዬ ላይ ወደቀ።

"አይሆንም" አልኩት። "የዛሬውን ዋጋ ልክፈል።"

ዘጠና ራንድ ከፈልኩ። አሥር ሳንቲም መለሱልኝ። የካርዱን ባለቤት አመሰገንኩና ካርዷን መለስኩላት። ዘይቱን ታቅፌ ታክሲ ውስጥ ተቀመጥኩ። ፕላስቲኩ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ግን ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም።

ግቢ ስደርስ እትዬ ደጃፋቸውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ያን ሰዓት የሚጠረግ ነገር አልነበረም።

"እትዬ" አልኳቸው፤ "ነገ ሥራ አልሄድም። ቤት ነኝ።"

መጥረጊያቸውን ይዘው ቀና አሉ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። አየሁ፣ ማወቄን አወቁ።

"ደግ አደረግሽ" አሉኝ። "እረፊ። ወፍራም ነገር ደርቢ፣ ነገ ይበርዳል።"

ጠዋት ለባብሼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። የእግራቸውን ኮቴ ሰማሁ፤ በሹክሹክታ "አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም" ሲባባሉ ሰማሁ። እጃቸውን ሲያነሱ ይመስለኛል በሩን የከፈትኩት፤ ሽማግሌው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ገቡ። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነች ግማሾቹ ደጅ አመዳዩ ላይ ቆሙ። ከሐጂ ጋር የሚሠሩ ሁለት ሰዎችም ነበሩ፤ ሐጂም ራሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል፣ ከፎርድስበርግ እስከዚህ በስንት ሰዓት ተነስተው እንደመጡ አላውቅም። ሱቁ ያን ቀን ሳይከፈት ዋለ።

"ልጄ" አሉ ሽማግሌው። "አባትሽ አርፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ።"

ሴቶቹ አለቀሱ። እትዬ ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው ደረታቸውን ደቁ። እኔ ተቀምጬ አየኋቸው። ስለ እኔ ይህ ሁሉ ሰው ያለቅሳል፣ እኔ ግን ባዶ ነኝ፤ አፈርኩ። እትዬ አጠገቤ ተንበርክከው "አልቅሺ ልጄ፣ አውጪው፣ አትያዢው" አሉኝ ትከሻዬን ይዘው። አንድ ነገር ማለት እንዳለብኝ ተሰማኝ። እንደ ሌሎቹ ሙሾ አላውቅም። ከአፌ የወጣው ይህ ነው፤

"እትዬ፣ ዘይት ጨመረ። አልነገርኩትም።"

በተለመደ ድምፄ ነው ያልኩት፣ ደህና ዋላችሁ እንደሚባለው። የሚያለቅሱት ሴቶች አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሽማግሌው እንደ መደንገጥ አሉ፤ አእምሮዋን ነክቷታል ያሉ ይመስለኛል። እትዬ ግን አልደነገጡም። ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ቀስ ብለው፣ ከግድግዳው ማዶ ስንት ዓመት ሲሰሙት እንደኖሩት አድርገው ጠየቁኝ።

"ስንት ገባ?"

"ሰማንያ ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ።"

እትዬ ዋጋው ከብዷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጄን ያዙና "አንዷ ሳንቲምስ?" አሉኝ። "ተመለሰችልሽ?"

የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።